የአፈሩ ሒሳብ፦ ከአስዋን እስከ ጉባ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ። ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ዓባይ ነው። ስለ ድርድሩና ስለ ውሃ ድርሻው ብዙ ሰምታችኋል፤ እሱን እዚህ አልደግመውም። እኔ የመጣሁት ስለ አፈሩ ላወራ ነው፤ ወንዙ ከእኛ ደጋ ጠርጎ ስለሚወስደው አፈር። ሰው ወንዙን መግታት ሲጀምር ያ አፈር የት ቀረ? በመቅረቱስ ማን ምን አጣ? ግብፆች ይህን ከመቶ ዓመት በላይ ኖረውበታል። አሁን እኛም ትልቁን ግድባችንን ሠርተን ጨርሰናል። ስለዚህ የነሱን ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ባንሰማው ጥሩ ነው።

ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ እንዳትደናገሩ።

“ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል” እንላለን። ግንዱ ከሸክሙ ሁሉ ትንሹ ነው። በሐምሌ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የተሻገረ ሰው ትልቁን ሸክም አይቶታል። ውሃው ቡናማ ነው። ከዚያ ውሃ በባዶ ሃይላንድ ቀድታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። መጀመሪያ አሸዋው ይወርዳል፤ ደቂቃም አይፈጅበትም። ቀጥሎ ደለሉ ቀስ እያለ ይተኛል። በነጋታው ስታዩት ከላይ ያለው ውሃ ገና አልጠራም፤ በጣም ደቃቁ ሸክላ እስኪወርድ ቀናት ይፈልጋል። ከሥር የተኛውን በጣታችሁ ብታሹት ልስልስ ነው። ያ የጎጃም፣ የወሎና የሸዋ ማሳ ነው። ግድብም ለወንዙ የሚያደርግለት ይህንኑ ነው፤ ውሃው እንዲቆም ያደርገዋል፣ የቆመ ውሃ ደግሞ ሸክሙን ያወርዳል።

መጠኑን ልንገራችሁ። ትልቁ የአስዋን ግድብ ከመሠራቱ በፊት በአማካይ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ አፈር በአስዋን ያልፍ ነበር። ከዚህ ውስጥ ከዘጠና በመቶ የሚበልጠው ከኢትዮጵያ ደጋ በዓባይና በተከዜ የወረደ ነው። ነጭ ዓባይ ከዚህ ውስጥ ድርሻው ትንሽ ነው። እሱ አፈሩን ደቡብ ሱዳን ረግረግ ላይ ጥሎት ስለሚመጣ ካርቱም የሚደርሰው ቀሎት ነው።

ግብፅ በዚህ አፈር ላይ የተሠራች አገር ናት። ዴልታው፣ ማለትም ከካይሮ በታች ወደ ሜድትራኒያን የሚዘረጋው ለም ሜዳ፣ የኛ አፈር በሺዎች ዓመታት ውስጥ ተከምሮ የሠራው ነው። ገበሬው ደግሞ ከዚህ አፈር ጋር የሚኖርበት ዘዴ ነበረው። መሬቱን በአፈር ግድግዳ እየከለለ በትልልቅ ገበታ ይከፍለዋል። በነሐሴና በመስከረም ወንዙ ሲሞላ ውሃውን በቦይ ወደ ገበታው ያስገባዋል። ውሃው አርባ፣ ሃምሳ ቀን እዚያው ይተኛል። ደለሉ ይወርዳል። መሬት ውስጥ ያለው ጨው ይሟሟል። ከዚያ ውሃውን መልሶ ወደ ወንዙ ያፈሰዋል፣ ጨውም አብሮ ይሄዳል። በረጠበው ጭቃ ላይ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስር ይዘራል። ማዳበሪያ አይገዛም። ይህ ዘዴ በሺዎች ዓመታት መሬቱን አላበላሸም። በየትም አገር ያለ የመስኖ ታሪክ ብታገላብጡ እንዲህ ለረጅም ዘመን የቆየ ማግኘት ይከብዳል።

ግን ኑሮው ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም። ወንዙ ያነሰ ዓመት ረሃብ ነው። የበዛ ዓመት መንደር ይወስዳል። ካይሮ ውስጥ ሮዳ በምትባለው ደሴት ላይ በ861 የተሠራ የወንዝ መለኪያ አለ፤ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ምልክት ያለበት ዓምድ ነው። ውሃው ዓምዱ ላይ የት ድረስ እንደወጣ ታይቶ የዓመቱ ግብር ይወሰን ነበር። አንድ ሕዝብ በየዓመቱ ዕድሉን ከዓምድ ላይ እያነበበ ሲኖር ወንዙን መግራት ቢመኝ አይፈረድበትም። ግድብ የሠሩትን ሰዎች ሞኞች ወይም ክፉዎች አድርጎ ማውራት ልክ አይመስለኝም። ያሰቡት ገብቶኛል። የእኔ ጥያቄ ምን ሳይቆጥሩ ቀሩ የሚለው ነው።

ለውጡ የጀመረው ከጥጥ ጋር ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ገዥ የነበረው መሐመድ ዓሊ ጥጥ ለማምረት ፈለገ። ጥጥ በበጋ ውሃ ይፈልጋል፤ ያኔ ደግሞ ወንዙ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ቦዮቹ ጠልቀው ተቆፈሩ፣ ከካይሮ በታች ወንዙን ከፍ የሚያደርግ መከተሪያ ተሠራ። ገበሬው በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ማምረት ጀመረ። ቦዩም ዓመቱን ሙሉ ውሃ ይይዝ ጀመር። የኋላው ጣጣ አብዛኛው ከዚህ ይነሳል።

ከዚያ እንግሊዞች መጡ። ከ1898 እስከ 1902 አስዋን ላይ የመጀመሪያውን ግድብ ሠሩ። ይህ አሁን ዝቅተኛው ግድብ የሚባለው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ግድቡ ከሥሩ 180 በሮች ነበሩት። ጎርፉ ሲመጣ፣ ማለትም በእኛ ክረምት የዘነበው እዚያ ሲደርስ፣ በሮቹ ይከፈታሉ። ቡናማው ውሃ ከነአፈሩ በግድቡ ሥር ያልፋል። ጎርፉ አልፎ ውሃው ሲጠራ፣ በመከር መጨረሻ ላይ፣ በሮቹ ይዘጋሉ፤ የሚጠራቀመው ያ የጠራው ውሃ ነው። መሐንዲሶቹ ደለሉ መያዝ እንደሌለበት ያውቁ ነበር። ከያዙት ሐይቁ ይሞላል፣ ገበሬውም አፈሩን ያጣል። ስለዚህ ግድቡን ለውሃው ብቻ ሳይሆን ለአፈሩም አስበው ነው የሠሩት። ይህ ዘዴ ሙሉ በሙሉ ጉዳት አልነበረውም አልልም። የባሕሩ ዳርቻ መሸርሸር የጀመረው በዚያው ዘመን ነው። ግን አፈሩ በአብዛኛው ያልፍ ነበር።

ችግሩ እንዲህ ያለው ግድብ የሚያጠራቅመው ውሃ ትንሽ ነው። ከዓመት ዓመት አያሻግርም። በ1913 ወንዙ ክፉኛ ሲያንስ ግድቡ እያለ ችግሩን ማስቀረት አልተቻለም። ናስር ሥልጣን ሲይዝ የፈለገው ለብዙ ዓመት የሚሆን ውሃ የሚይዝ ጎተራ ነበር። የ1956ቱን የሱዌዝ ጣጣ ታውቁታላችሁ። አሜሪካኖች ለግድቡ ሊሰጡ የነበረውን ገንዘብ ሲከለክሉ ሶቪየቶች ገቡ። ግንባታው በጥር 1960 ተጀምሮ በ1970 አለቀ። ቁመቱ 111 ሜትር ነው፣ ከጀርባው የተኛው ሐይቅ ደግሞ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጫፉ ሱዳን ውስጥ ነው።

ይህ ግድብ ጎርፉን አያሳልፍም። ሙሉውን ይይዘዋል። ጎርፉን ሲይዝ አፈሩንም ያዘ።

ግንባታው ሊጀመር ሲል፣ በ1959፣ ግብፅና ሱዳን ውል ተፈራረሙ። ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ፤ 10 ቢሊዮን ደግሞ በሐይቁ ላይ ተንኖ ለሚጠፋው ተባለ። እኛን የጠየቀን አልነበረም፤ ይህን ሁሉም ኢትዮጵያዊ ያውቃል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ፀሐይ የምትጠጣውን ውሃ እንኳ ቆጥረው የጻፉ ሰዎች አፈሩን አላካፈሉም። በዓመት መቶ ሚሊዮን ቶን የሚሆነው ነገር ባለድርሻ አልነበረውም።

ግድቡ የሰጠውን ጥቅም መደበቅ ግን ትክክል አይደለም። እዚህ ላይ ልቤን የሚነካኝ ነገር አለ። በ1984፣ በእኛ የሰባ ሰባቱ ድርቅ በምንለው፣ ወሎና ትግራይ ላይ ዝናብ ሲጠፋ ዓባይም አነሰ። እኛ ጋ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ግብፅ ግን አልተራበችም፤ ከቀድሞ ዓመታት ያጠራቀመችው ውሃ ነበራት። ሐይቁ ዓመት በዓመት እየወረደ ሄዶ በ1988 ክረምት በጣም ዝቅ ብሎ ነበር፤ ያን ዓመት ነሐሴ ላይ ከባድ ዝናብ ዘንቦ ተረፉ። ዝናቡ የጠፋው በእኛ ሰማይ ነው፤ ውሃ ያጠራቀመው ግን ታች ያለው አገር ነበር። ስለዚህ “ግድብ ለምን ተሠራ” የሚል ክርክር ውስጥ አልገባም። ግድብ ሕይወት ያድናል።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ። ዋጋው በአንድ ቀን አልመጣም። አንዳንዱ በሦስተኛው ዓመት፣ አንዳንዱ በሃያኛው፣ አንዳንዱ ዛሬም እየመጣ ነው።

መጀመሪያ የመጣው በባሕር ላይ ነው። የዓባይ ጎርፍ ሜድትራኒያን ሲገባ የባሕሩ ውሃ በንጥረ ነገር ይሞላ ነበር። በመስከረምና በጥቅምት ለዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ዕፅዋት ይፈላሉ፤ እነሱን ተከትሎ ሰርዲን ይመጣል። በዓባይ አፍ ላይ ያሉት የራሺድና የዳሚየታ ዓሣ አጥማጆች ዓመታቸውን የሚያሳልፉት በእነዚህ ወራት ገቢ ነበር። የመጨረሻው ሙሉ ጎርፍ ባሕር የገባው በ1964 ነው። በ1962 ግብፆች ከዚያ ባሕር 18,000 ቶን ሰርዲን አጥምደው ነበር። በ1968 ወደ 500 ቶን ወረደ። በስድስት ዓመት ውስጥ ማለት ነው።

ታሪኩ ግን እዚያ አያልቅም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ዓሣው ተመልሶ መጣ። ጎርፉ ሳይመለስ ዓሣው ተመለሰ። ተመራማሪዎች ሲያጣሩ ያገኙት መልስ ደስ አይልም። ከማሳ ታጥቦ የሚወርደው ማዳበሪያና ከካይሮና ከእስክንድርያ የሚወጣው ፍሳሽ ባሕሩን እየመገበው ነው። ቀድሞ የኢትዮጵያ ተራራ ያደርግ የነበረውን አሁን ፋብሪካና ሽንት ቤት ተክተውታል። በዚያው ፍሳሽ ምክንያት የዴልታው ሐይቆች ተበክለዋል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው “ባሕሩ አገገመ” ሊል ይችላል። ከምን ተነስቶ እንዳገገመ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የባሕር ዳርቻው ነው። ዓባይ ወደ ባሕር የሚገባባቸው ሁለት አፎች አሉት፤ አንዱ ራሺድ ነው፣ ፈረንጆች ሮዜታ የሚሏት፣ ሌላው ዳሚየታ። የባሕር ሞገድ ሁልጊዜ ዳርቻውን ይበላል። ወንዙ ደግሞ ሁልጊዜ ይተካ ነበር። መተኪያው ሲቀር መበላቱ ብቻ ቀረ። ራሺድ ላይ በአንዳንድ ዓመታት ዳርቻው ከ100 ሜትር በላይ ወደ ኋላ ሸሽቷል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በጠቅላላው ኪሎ ሜትሮች የሚሆን መሬት ባሕር ገብቷል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የአፉን ግራና ቀኝ የሚከልል ትልቅ የኮንክሪት ግድግዳ ተጀምሮ በ1991 አለቀ። ግድግዳው ያለበት ቦታ ቆመ። ከግድግዳው ጫፍ ቀጥሎ ያለው ግን መሸርሸር ጀመረ። ሞገዱ አፈር ይፈልጋል፤ እዚህ ከከለከሉት እዚያ ይሄዳል።

ዴልታው ራሱም እየወረደ ነው። እንዲህ ያለ መሬት በክብደቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይሰምጣል፤ በየዓመቱ የሚመጣው ደለል ነበር ከፍ የሚያደርገው። አሁን ደለሉ የለም፣ የዓለም ባሕር ደግሞ ከፍ እያለ ነው። ጨዋማው የባሕር ውሃ ከመሬት ሥር ወደ እርሻው እየገባ ነው። ይህ ዛሬ በሰሜን ዴልታ ያለ ገበሬ የሚኖርበት እውነት ነው።

ያ ሁሉ አፈር ታዲያ የት ገባ? አብዛኛው ግድቡ ድረስ እንኳ አልደረሰም። ወንዙ ሐይቁን እንዳገኘ ፍጥነቱን ያጣል፤ ስለዚህ ሸክሙን የሚያወርደው በሐይቁ ራስ ላይ ነው፣ ሱዳንና ግብፅ የሚገናኙበት አካባቢ። በሜድትራኒያን ዳር ይሠራ የነበረው ዴልታ አሁን በኑቢያ በረሃ መካከል፣ ውሃ ሥር እየተሠራ ነው።

ስለ ገበሬው ባጭሩ ላንሳ። አፈሩ ሲቀር ማዳበሪያ ገባ። አስዋን አጠገብ በራሱ በዓባይ ኤሌክትሪክ የሚሠራ የማዳበሪያ ፋብሪካ ተተክሎ ነበር፤ ወንዙ በነፃ ያመጣ የነበረውን በወንዙ ጉልበት ማምረት ማለት ነው። ጎርፉ ጨውን ማጠቡን ስላቆመ መሬቱ ጨው ያወጣ ጀመር። ከ1970 ጀምሮ በዓለም ባንክ ብድር በሰፊው የዴልታ መሬት ሥር የማንጠፍጠፊያ ቱቦ ተቀበረ። ጨው አዘል ውሃ ከሥር እየወጣ የሉክሶርንና የካርናክን ድንጋይ በላ። የዓባይን ጭቃ ጡብ ማድረግ የለመዱ ሰዎችም አዲስ ጭቃ ሲያጡ የማሳቸውን የላይኛውን አፈር እየገፈፉ ይሸጡ ጀመር። መንግሥት በ1980ዎቹ በሕግ ከለከለው። የተፈራው ነገር ሁሉ አልደረሰም፤ ይህንንም ልናገር። ደለል የሌለው ውሃ የወንዙን ወለል ክፉኛ ይቆፍራል ተብሎ ተሰግቶ ነበር። በመካከል ያሉት የኢስና፣ የናግ ሐማዲና የአስዩት መከተሪያዎች ፍጥነቱን ስለያዙት ከተፈራው ብዙ አነሰ።

ቢልሃርዝያን ግን ባጭሩ ማለፍ አልችልም። የቢልሃርዝያ ትል የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ቀንድ አውጣው ደግሞ የቆመ ወይም ቀስ ብሎ የሚሄድ ውሃ ይወዳል። በድሮው ዘዴ ቦዩ በበጋ ይደርቅ ነበር፣ ቀንድ አውጣው ይሞታል። ቦዩ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ሲይዝ ግን አይሞትም። በ1930ዎቹ አዲስ መስኖ የገባባቸው የላይኛው ግብፅ መንደሮች ላይ በሦስት ዓመት ውስጥ ከጥቂት ሰዎች በሽታ ወደ ግማሽ ሕዝብ በሽታ ተሸጋገረ። ታላቁ ዘፋኝ አብደልሐሊም ሐፊዝ በልጅነቱ በቦይ ውሃ ያገኘው ይህ በሽታ ነው ዕድሜ ልኩን አሠቃይቶ በ1977 በ47 ዓመቱ የገደለው። መንግሥት ሕዝቡን ለማከም በመንደር በመንደር መርፌ ወጋ። መርፌው በደንብ ሳይቀቀል ከሰው ሰው ይሸጋገር ነበር። በዚህ መንገድ የጉበት ቫይረስ ሲ በሚሊዮኖች ሰዎች ደም ውስጥ ገባ፤ ግብፅ በዚህ በሽታ ከዓለም ቀዳሚ ሆነች። በከፍተኛ ዘመቻ ታግላው የዓለም ጤና ድርጅት ያመሰገናት በ2023 ነው። ከጥጥ መስኖ እስከ ጉበት በሽታ ያለውን መንገድ እዩት። ቦዩን የቆፈረው መሐንዲስ ይህን በምን ያውቃል?

የእኛን ሰው አክሊሉ ለማን እዚህ ላይ ሳላነሳ ባልፍ ደስ አይለኝም። በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ከዚያ ተነስቶ እንዶድ ቢልሃርዝያን ለመከላከል እንደሚረዳ አሳየ። ይህን ያስተዋለ ሰው ከወንዙ ራስጌ መገኘቱ ያኮራኛል።

አሁን ሱዳን እንግባ። ከታሪኩ ሁሉ በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። የአስዋን ሐይቅ የኑቢያን ምድር ዋጠ። የአቡ ሲምበልን መቅደስ ለማዳን ዓለም ገንዘብ አዋጣ፤ ተቆራርጦ ከ1964 እስከ 1968 ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛወረ። ሰዎቹ ግን ወደ ታዘዙበት ሄዱ። በግብፅ በኩል ወደ 50,000፣ በሱዳን በኩልም የዚያን ያህል። የዋዲ ሐልፋ ሰዎች የተወሰዱት በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው ወደ ኻሽም ኤልጊርባ ነው። ዕርሻ ተሰጣቸው፤ ለዕርሻው ውሃ የሚሆን ግድብም በአትባራ ወንዝ ላይ ተሠራላቸው። አትባራን የሚሞላው የእኛ ተከዜ ነው። ግድቡ በ1964 ሲያልቅ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዝ ነበር። ጥቂት አሥርት ዓመታት ሳይሞሉ ግማሹ በደለል ተሞላ። የኢትዮጵያ አፈር አስዋን ላይ ሲታገድ ቀያቸውን አጡ፤ በሄዱበት ደግሞ ያው አፈር ውሃቸውን ወሰደባቸው።

ሱዳን ውስጥ በዓባይ ላይ ያለው የሮዜሬስ ግድብም እንደዚያው ነው። በ1966 ተሠርቶ ሲሶ ያህሉን አቅሙን በደለል ካጣ በኋላ በ2013 በ10 ሜትር ከፍ አደረጉት። የሱዳኑ ትልቅ የመስኖ እርሻ የገዚራ ቦዮች በየዓመቱ ካልተጠረጉ አይሠሩም። እኛም ቆቃ አለን። በ1960 በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው ግድብ በአዋሽ ደለል ሲሶ ገደማውን አጥቷል። ጎንደርም የመጠጥ ውሃው የሚጠራቀምበት የአንገረብ ግድብ በደለል ምን እንደሆነ ያውቃል።

እንግዲህ ወደ ጉባ። ታላቁ ግድባችን በ2011 ተጀምሮ በመስከረም 2025 ተመረቀ። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። ከአሁን ወዲያ የዓባይ አፈር መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ለሱዳን የሚጠቅማት ብዙ ነው፤ ሮዜሬስ ዕድሜው ይረዝማል፣ የገዚራ ቦይ ጠረጋ ይቀላል። የሚጎዳም አለ። ካርቱም አካባቢ በዓባይ ዳር ጎርፉ ጥሎት በሚሄደው ጭቃ ጡብ እየጠበሱ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ የሚዘሩም አሉ። አፈር ያልያዘ ውሃ ደግሞ የወንዙን ዳር መቦርቦር ይወዳል። አስዋን ያስተማረን ይህንን ነው። እነዚህ ሰዎች ስም ዝርዝራቸው በየትኛውም የድርድር ሰነድ ላይ አይወጣም። ከእኛ ወገን የሚያስታውሳቸው ቢኖር ደስ ይለኛል።

ለእኛስ? ግድቡ በቅርቡ ይሞላል እያልኩ ላስፈራራችሁ አልመጣሁም። በጣም ትልቅ ነው፤ በእኔና በእናንተ ዕድሜ አይሞላም። ግን ደለሉ የሚጀምረው ከሐይቁ ራስ ነው፣ እንደ አስዋን። ስለዚህ ግድግዳው አጠገብ ያለውን ብቻ የሚለካ ሰው ምንም የለም ሊል ይችላል። የሐይቁን ወለል ከጫፍ እስከ ጫፍ በየጥቂት ዓመቱ መለካትና ውጤቱን ለሕዝብ ማውጣት ያስፈልጋል። እዚህ የውሃ ምሕንድስና የምትማሩ ልጆች ይህ የእናንተ ሥራ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የአፈሩ መነሻ ነው። የግብፅ ገበሬ ደለሉ ስለቀረበት ማዳበሪያ ይገዛል። የጎጃም ገበሬ ደግሞ አፈሩ ስለሄደበት ማዳበሪያ ይገዛል፤ በጂቡቲ በኩል የሚመጣውን፣ በየዓመቱ የሚወደደውን። በሁለቱም ጫፍ ያለው ገበሬ ከፋይ ነው።

አፈሩ የሚሄድበትን ጊዜ እናውቀዋለን። ወንዙ ውሃው የሚበዛው በነሐሴ ነው፤ አፈሩ የሚበዛው ግን ቀድሞ፣ በሐምሌ። ምክንያቱን ለማየት ጮቄ ተራራ ሥር ወዳለ ማሳ መሄድ ይበቃል። ጤፍ አራት፣ አምስት ጊዜ ይታረሳል። መሬቱ ተለሳልሶ፣ አንድም ቅጠል ሳይኖረው፣ ከባዱ ዝናብ ይደርስበታል። ገበሬው ውሃ እንዳይተኛበት ማሳውን በሰያፍ እያቋረጠ ፈሰስ ያወጣል። ፈሰሱ ውሃውን አፋጥኖ ያወርደዋል። ከማሳው ጫፍ ላይ ትንሽ ቦይ ትሆናለች፤ በሦስተኛው፣ በአራተኛው ክረምት ላም የምትገባበት ቦረቦር ይሆናል። ነሐሴ ላይ ጤፉ ሲሸፍነው አፈሩ ይቆማል። ግን ያኔ የሄደው ሄዷል።

በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሕዝቡ ወጥቶ እርከን ይሠራል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ላቡን አከብረዋለሁ። ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው ግን ስንት ኪሎ ሜትር እርከን እንደተሠራ ነው። ስንት አፈር እንደቀረ የሚለካ የለም ማለት ይቻላል። እርከኑም አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ በልቅ ግጦሽ ይፈርሳል። ከብቱን አስሮ መቀለብ የጀመሩ ቦታዎች ላይ እርከኑ ሣር ይዞ ጸንቷል፤ ልዩነቱ ከመንገድ ላይ ይታያል። ግን መኖ ይጠይቃል፣ ጉልበት ይጠይቃል። ሁለት ጥማድ መሬት ያለውን ሰው “ጠርዙን ለሣር ተው፣ ፈሰስህን አስተካክል፣ ከብትህን እሰር” ስንለው ከጉሮሮው ላይ እየወሰድን ነው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ግድቡን ሁላችንም ከኪሳችን አዋጥተን ሠርተነዋል፤ ቦንድ የገዛን፣ ከደመወዛችን ያስቆረጥን። አሁን ኤሌክትሪክ ይሸጣል። ከሽያጩ ጥቂት እጅ በየዓመቱ ተለይቶ ለላይኛው ተፋሰስ ገበሬ ይመለስ። ለዘመቻ አበልና ለስብሰባ ሳይሆን ለመኖ ዘር፣ ለማሳ ጠርዝ ሣር፣ አፈሩን ለሚያስቀር ገበሬ ክፍያ። በየትንንሽ ወንዙ ላይ በሰኔና በሐምሌ የደለል መለኪያ ይቀመጥ፣ ክፍያውም በዚያ ልኬት ይታይ። መሐንዲሶቹ ለግድቡ ደኅንነት ብለው፣ ገበሬው ለማሳው ብሎ የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ጊዜውም ከመጀመሪያው እርሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ባሉት ሳምንታት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ላብቃ። ከገጠር የመጣችሁ ካላችሁ፣ በተለይ ልቅ ግጦሽ የቆመበትን ቀበሌ የምታውቁ፣ መጀመሪያ እናንተ ብትናገሩ ደስ ይለኛል።